ሰማያዊው ክር

መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

አሥረኛው ደብተር ትናንት አለቀ። ይህ አሥራ አንደኛው ነው። እንደ በፊቶቹ ኪሎ ሜትር፣ ዘይት፣ ሰንሰለትና ጎማ ይጻፍበታል። ሌላ ወሬ ከገባበት ጥፋቱ የእኔ ነው።

ዛሬ ልጄ የሺሃረግ አዲስ ሞተር ይዛ መጣች። በራሷ ደመወዝ የገዛችው ነው። ካኮ በምትባል ትንሽ ከተማ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆና ከተመደበች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ የክትባት ሣጥን ተሸክማ ከመንደር መንደር የምትዞረው በእግሯና በሰው ሞተር ነበር። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው። ይህን ሥራ ምረጪ አላልኳትም። ተዪውም አላልኳትም።

ሞተሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ትንሽ መጽሐፍ አብሮት መጣ። የሻጩ ወኪል እዚህ ጂንካ ሱቅ አለው፤ ሜካኒኩ ማቲ የሚባል ልጅ ነው። ሞተሩን እስከ በራችን ካደረሰ በኋላ መጽሐፉን ገልጦ ያስረዳኝ ጀመር።

«ጋሽ ሣህሌ፣ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ሲሞላ እኛ ጋ ይመጣል። ሁለት ሺህ ሲሞላም እንደዚሁ። እዚህ ላይ ማኅተም እናደርጋለን። ማኅተም ከሌለ ዋስትናው ይሰረዛል።»

«ማኅተሙ ብሎን ያጠብቃል?»

ሳቀ። «እሱስ አያጠብቅም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አያስፈልገንም።»

የሺሃረግ መጽሐፉን ከእጁ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የእኔ አሮጊት ከማንጎው ሥር ቆማ ሁሉንም ሰማች። አሮጊት የምላት ሞተሬን ነው። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የተከፋይ ሜካኒክ እጅ ነክቷት አያውቅም።


መጋቢት 6፣ ዓርብ

ዝናብ። ግቢው ጭቃ።

አዲሱን ሞተር ዞሬ አየሁት። የፊት ፍሬኑ ገመድ የለውም፤ በዘይት ነው የሚሠራው። መሪው ላይ ትንሽ የዘይት ዕቃ አለች፣ በጎኗ መስታወት ያላት። የአሮጊቷ ፍሬን በገመድ ነው። ገመድ ሲላላ ይታያል፤ ሊበጠስ ሲልም ይታያል። ዘይት ግን ተደብቆ ነው የሚሠራው። ደስ አይልም።

ይሁን። እማረዋለሁ። አሮጊቷንም ማንም አላስተማረኝ።


መጋቢት 8፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አልማዝ «የልጅቷን ሞተር ሙያተኛ ቢያየው ምን አለበት?» አለችኝ። አልማዝ ባለቤቴ ናት፤ አርባ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ታሪኩን ታውቀዋለች። ቢሆንም ትጠይቃለች። ስለዚህ አንድ ጊዜ በሙሉ ልጻፈው።

1987 ዓ.ም.፣ ጥር ወር። አርቦሬ ላይ የከብት የሳንባ በሽታ ገባ ተባለ። አርባ ምንጭ ሄጄ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን እንድወስድ ታዘዝኩ። አሮጊቷ ያን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበረች። እዚያ ያለው የመሥሪያ ቤታችን ሜካኒክ ጸጋዬ ሰርቪስ አደረጋትና «ሂድ፣ እስከ ኬንያ ታደርስሃለች» ብሎ ጀርባዬን መታ አደረገኝ። ኮንሶ አደርኩ። በማግስቱ የወይጦን ድልድይ አልፌ ሜዳው ላይ እንዳለሁ ሞተሯ ጮኸችና ደርቃ ቀረች። ወርጄ ሳያት ከሥር ያለው የዘይት ማውጫ ብሎን የለም። ወድቋል። ዘይቱ መንገድ ለመንገድ ፈስሶ አልቋል።

ሣጥኑን ተሸክሜ በእግሬ ሄድኩ። በዚያ ቆላ ፀሐይ። ስደርስ በረዶው ውኃ ሆኗል፤ ውኃውም ሞቋል። ክትባቱን ለሰዎቹ አሳይቼ መሬት ላይ ደፋሁት። አንድ ሽማግሌ ክትባቱን ሳይሆን እኔን አየኝ። ሌላ ክትባት እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ያ ሽማግሌ በዚያ መካከል ከብቶቹን ጨረሰ።

ብሎኑን ያላጠበቀው ጸጋዬ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከሥራው ተነሣ። አሮጊቷን ደግሞ ሞታለች ብለው በጨረታ ሲሸጧት ገዛኋትና ከሙታን አስነሣኋት። ያን ጊዜ ዘይት ከመቀየር በቀር ሌላ ጥገና አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሙያተኛ አላምንም። ይኸው ነው።


መጋቢት 14፣ ቅዳሜ። 512 ኪሎ ሜትር

የሺሃረግ ከካኮ ለሰንበት መጥታ ነበር።

«አባዬ፣ ማቲ ጋ ልውሰደው። የመጀመሪያው በነፃ ነው እኮ።»

«በነፃ የሚሠራ ሰው ልቡን አይሰጥም።»

«ብከፍለውስ?»

«የሚከፈለው ሰው ሰዓቱን ያያል።»

«ታዲያ ማን ይሥራው?»

«ባለቤቱ። ወይም አባቱ።»

ሳቀች። ሳቋ የእናቷ ነው። «በቃ አንተ ሥራው» አለች። ስላመነችኝ ይሁን ስለደከማት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሠራሁት። የሞተር ዘይት ተለወጠ። ሰንሰለት ጠበቀ፣ ተቀባ። ብሎኖች አንድ በአንድ ተፈተሹ። የፍሬን ዘይቷ የጎደለች መሰለኝ፤ መስታወቷ ጭጋግ አለባት። ከፋብሪካ ጎድሎ መምጣቱ አልገረመኝም። ሞላሁት።

ዕቃ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ሦስት ሃይላንድ አለኝ። ጽሑፍ አልጽፍባቸውም፤ ጽሑፍ ዘይት ሲነካው ይጠፋል። አንገታቸው ላይ ክር አስራለሁ። ነጭ ክር የሞተር ዘይት። ጥቁር ክር የመኪና መሪ ዘይት፤ እሱን ለአሮጊቷ የፊት አሞርዛተር ነው የማስገባው። የፍሬን ዘይቱን በዚህ ሳምንት ከጭነት መኪና ጋራዥ አመጣሁና ከአልማዝ የስፌት ሣጥን ሰማያዊ ክር ወስጄ አሰርኩበት። በዚህ ሥርዓት ሃያ ዓመት ስሠራ ተሳስቼ አላውቅም።

የሺሃረግ ዞራ ሞክራው «እንደ ቅቤ ሆነ» አለች። መጽሐፉ ላይ ማኅተም የሚመታበት ቦታ «ሣህሌ» ብዬ ፈረምኩ።


መጋቢት 20፣ ዓርብ

አልማዝ አዲስ ሻሽ አስራ ከገበያ ገባች።

«በጾም መካከል ጥቁር ሻሽ ምን አመጣው? ማን ሞተብን?» አልኳት።

«ሰማያዊ ነው።»

«ጥቁር ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ መርጬ የገዛሁትን!»

ነጋዴው አታሏታል። ሦስት ጊዜ ነገርኳት። በመጨረሻ ትክ ብላ አየችኝ። እንዲህ ስታየኝ አልወድም።


መጋቢት 25፣ ረቡዕ

የሺሃረግ ደወለች። የፊት ፍሬኑ ትንሽ ይይዛል አለች። ጣትሽን ፍሬኑ ላይ አስቀምጠሽ ስለምትነጂ ነው አልኳት። አላስቀምጥም አለች። ታስቀምጫለሽ አልኳት።

ልጆች የራሳቸውን እጅ አያዩም።


ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

የአሮጊቷን ካንዴላ ሳጸዳ የመስኮቱ መጋረጃ ክፍት ነበር። አልማዝ ስልክ ላይ ነበረች።

«…ደረጃዋን ስቶ ሊወድቅ ነበር… አይ፣ አይነገረውም… ሻይ ሲቀዳ እኮ ከብርጭቆው ውጪ… እኔማ ለሐኪም ብለው ቤቱን ይገለብጠዋል…»

ስለ ማን እንደምታወራ አልጠየቅሁም። ሰው የሚያወራውን ተደብቆ መስማት የኔ ልማድ አይደለም። ደረጃው ግን የተሠራው ጠማማ ነው፤ አናጺውን ያን ጊዜም ነግሬዋለሁ።


ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ። 1,140 ኪሎ ሜትር

የሺሃረግ መጣች። የፊት ጎማውን አንሥቼ አዞርኩት። ከባድ ነው። ዲስኩን ነክቼ ጣቴ ተቃጠለ።

የፍሬኑን ሸራ አውጥቼ አጸዳሁ። አቧራ ነበረበት፤ የካኮ መንገድ አቧራ ነው። ከታች ያለችውን ብሎን ከፈት አድርጌ ጥቂት ዘይት አፈሰስኩ። ጎማው ወዲያው ተፈታ። የጎደለውን ከሃይላንዱ ሞላሁ።

«አየሽ?» አልኳት።

«አየሁ፣ አባዬ።» ትንሽ ቆየችና «ማቲ ግን በስልክ ስነግረው አምጪው፣ አትንጂው አለኝ» አለች።

«ማቲ ጠፍቶበት የነበረ ደንበኛ ነው ያገኘው።»

ይህን ማለቴ ትክክል ነበር። ድምፄን ከፍ ማድረጌ ግን አላስፈለገም።


ሚያዝያ 20፣ እሑድ። ፋሲካ

በጉን ራሴ ባረክሁ። ቆዳውን ስገፍፍ እጄን ትንሽ ቆረጥኩ። ቢላዋው ደንዝዟል።

ማቲ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣ። ልጁ ነውር የለበትም፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ነው የሚጨብጠው። ጥሬ ሥጋ ቀርቦለት እየበላ ዓይኑ ግቢው ውስጥ የቆመው አዲሱ ሞተር ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ አሥር ደቂቃ ልየው? ማኅተሙም ይቅር፣ ሒሳቡም ይቅር።»

«በበዓል ቀን ሥራ አይሠራም።»

«ነገ ጠዋት ካኮ ከመሄዷ በፊትስ?»

«ነገም በዓል ነው።»

የሺሃረግ አቀረቀረች። አልማዝ «ጨምርለት» አለችኝና ሥጋ ጨመርኩለት። ነገሩ በዚህ ቀረ።


ሚያዝያ 28፣ ሰኞ

የሺ ወደቀች።

የግራ ክንዷ ተሰብሯል። ራሷ ደኅና ነው። ሆስፒታል ነን።


ሚያዝያ 29፣ ማክሰኞ

ትናንት የካኮ ገበያ ቀን ነበር። ከገበያው ወጥታ ወደ አንድ የቤና መንደር በሚወርደው ጥርጊያ ላይ ሣጥኑን ከኋላዋ አስራ ስትወርድ የፊት ጎማው በድንገት ተያዘ። ፍሬኑን አልነካሁም ትላለች። ሞተሩ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ።

ያገኛት ዋዱ የሚባል የመንደሩ ሰው ነው። ከገበያ ሲመለስ ነበር። ሰው ጠርቶ እሷን ወደ መኪና መንገድ አስወሰደና እሱ የክትባቱን ሣጥን በራሱ ላይ ተሸክሞ ካኮ ድረስ ሮጠ፤ የመሥሪያ ቤቷ ማቀዝቀዣ ውስጥ ራሱ አስገባው። ዛሬ ሊጠይቃት ሆስፒታል መጥቶ አገኘሁት። አመሰገንኩት።

«ልጅህ ጠንካራ ነው» አለኝ በተሰባበረ የገበያ አማርኛው። «እኔ ሲደርስ መጀመሪያ ‹ሣጥኑ› አለ። ከዚያ ነው ‹እጄ› ያለው።»

በረዶው አልቀለጠም አለ። ከብቶቹ ዛሬ ጠዋት ተከተቡ።

ወጥቼ ከሆስፒታሉ ግንብ ጥግ ቆምኩ። ፀሐይ ነበር።


ሚያዝያ 30፣ ረቡዕ

ጠጠር ነው። መንገዱ ጠጠር ነው። ወይም የፋብሪካው ሥራ ነው፤ አዲስ ዕቃ ዛሬ ሁሉም ቆርቆሮ ነው።

ሞተሩን በአይሱዙ አምጥተው ግቢያችን አወረዱት። ማቲ አብሮ መጣ።

«ወደ ሱቅ ልግፋው?»

«የትም አይሄድም።»

«ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ልትሞት ነበር።»

እንዲህ ሲናገረኝ የመጀመሪያው ነው። ሊገፋው መሪውን ይዞ ነበር። እኔም ያዝኩ። ሁለታችንም ይዘን ቆምን። እሱ ቀድሞ ለቀቀ። ታላቅ ስለሆንኩ ነው የለቀቀው።


ግንቦት 4፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ፍሬኑን በሙሉ ፈታሁት። ከመሪው እስከ ጎማው። የማላውቀውን ዕቃ ስፈታ እንደማደርገው እያንዳንዱን ክፍል በፈታሁበት ተራ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ።

በውስጡ ያሉት ትናንሽ ጎማዎች አብጠዋል። ሲያብጥ ያየሁት የከብት ጡት ነው እንጂ ጎማ አይደለም። ከቦታቸው አንወጣም ብለው ነበር። አብጠው የዘይቱን መመለሻ ዘግተውታል። እጅ ቢለቅም ፍሬኑ አይለቅም። ሲነዳ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይብሳል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ…

ዘይቱን በጣቴ አሸሁት። አሸተትኩት። የአሮጊቷን አሞርዛተር ዘይት ይሸታል።

ሦስቱን ሃይላንድ ወደ ፀሐይ አወጣሁ። ሁለት ጥቁር ክር አየሁ።

አልማዝን ጠርቼ ከሁለቱ ሰማያዊው የትኛው ነው አልኳት። በጣቷ አሳየችኝ። ሙሉ ነበር። አንድ ጠብታ አልጎደለውም።

ሌላ የምጽፈው የለም።


ግንቦት 7፣ ረቡዕ

አልጻፍኩም። አልሠራሁም።


ግንቦት 8፣ ሐሙስ

እኔ ግን ብሎን ለቅቄ አላውቅም። ይህ ሌላ ነገር ነው። ክር ነው። ጸጋዬ የሠራው ግን ሌላ ነው፤ እሱ ጤነኛ ዓይን ነበረው።


ግንቦት 11፣ እሑድ

የሺሃረግ ከሆስፒታል ወጥታ እኛ ጋ ናት። ክንዷ በጄሶ ነው። ስለ ፍሬኑ እስካሁን አልነገርኳትም። ልነግራት ስል መጀመሪያ ሙያተኞችን የማላምንበትን ምክንያት በራሴ የያኔ ጽሑፍ ላሳያት ፈለግሁ። አንድ ጊዜ መሳሳትና ሥራን አለማክበር እንደሚለያዩ እንድታውቅ። ሦስተኛውን ደብተር ከሣጥን አወጣሁ። የ1987 ጥር።

«አንቺ አንብቢው፤ ክፍሉ ብርሃን የለውም» አልኳት።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። እሷ ግን ብርሃን አለ አላለችኝም። ተቀብላ ማንበብ ጀመረች።

«‹ጥር 16፣ አርባ ምንጭ። ጸጋዬ ሰርቪስ አደረገ።› … ‹ጥር 17፣ ኮንሶ…›»

ቆመች።

«ቀጥይ።»

ገጹን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። አራቀች። ቀስ ብላ ደብተሩን ዘጋችው።

«ከዚህ በታች ደብዝዟል፣ አባዬ። አይነበብም።»

«ባለ ሰማያዊ ቀለም ብዕር ነበር የምጠቀመው፤ አይደበዝዝም።»

«ደብዝዟል» አለች። ተነሥታ እናቷ ጋ ሄደች።

የሺሃረግ ከልጅነቷ ጀምሮ ውሸት አትችልም። ስትዋሽ ጆሮዋን ትነካለች። ባልተሰበረው እጇ ነካችው።


ግንቦት 12፣ ሰኞ

ደብተሩን ይዤ ከማንጎው ሥር ወጥቼ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ሰዓት ሠሪ የነበረው ወንድሜ የተወልኝን ማጉያ መነጽር አወጣሁ። ፊደል በፊደል አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። የጻፍኩትን እንዳለ እዚህ ገልብጫለሁ፦

«ጥር 17፣ ኮንሶ። የጸጋዬን ዘይት ስላላመንኩት ማታ ራሴ አፍስሼ አዲስ ጨመርኩ። መሽቶብኛል። ጠዋት ብሎኖቹን አያለሁ።»

የጥር 18 ጽሑፍ የሚጀምረው ከወይጦ ነው።

ጠዋት አላየሁም።

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ይህ ገጽ ሣጥኔ ውስጥ ነበር። እኔ የጻፍኩትን እንዴት እኔ አላነበብኩትም? አንድ ሰው የሚያውቀውን አያነብም። የማውቀው መስሎኝ ነበር።


ግንቦት 14፣ ረቡዕ

ወደ አርባ ምንጭ በሚመላለስ ሾፌር ስለ ጸጋዬ አስጠይቄ ነበር። ዛሬ መልሱ መጣ። ከሥራ ከተነሣ በኋላ ጎማ ሲጠግን ኖሮ በ2003 ዓ.ም. አርፏል። ልጆቹ ሐዋሳ ገቡ ይባላል።

ደብዳቤ ለመጻፍ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። መልሼ ደብተሩ ውስጥ ከተትኩት።

ማታ ለየሺሃረግ ስለ ፍሬኑ ነገርኳት። «የመሪ ዘይት የሞላሁበት እኔ ነኝ። ክሩ ሁለቱም ጥቁር መስሎኝ ነው።» ይህን ብቻ ነው ያልኩት።

«አውቅ ነበር» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እማዬ የሻሹን ከነገረችኝ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ እሺ ያልከው ነገር አለ፣ አባዬ?»

ትሙት ብዬ አይደለም የሞላሁት። ግን ፍሬኑ ይይዛል ስትለኝ ጣትሽ ነው ብያታለሁ። ይህ ተጽፏል፤ መጋቢት 25 ላይ ነው።


ግንቦት 16፣ ዓርብ። ረጅም ቀን

ጠዋት የፈታሁትን ፍሬን ከነጨርቁ ጠቅልዬ፣ ሞተሩን በጋሪ አስጭኜ፣ ሦስቱን ሃይላንድ በዘንቢል ይዤ ወኪሉ ጋ ሄድኩ። በሕይወቴ እዚያ ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዱ «ኧረ ዛሬ ምን ጉድ ነው! ጋሽ ሣህሌ ንስሐ ሊገቡ ጋራዥ መጡ!» አለ። ሳቁ። ዝም በሉ አላልኩም።

ማቲ ከሥራው ተነሣ። ጨርቁን ከፈትኩለት። ያበጡትን ጎማዎች አንሥቶ አያቸውና ወዲያው ገባው። ሃይላንዶቹንም አሳየሁት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ‹የፋብሪካ ጉድለት› ብዬ ብጽፈው ዕቃውን በነፃ ይተኩታል። የማኅተሙን ቀን ወደ ኋላ አደርገዋለሁ። ማንም አያውቅም። ለየሺ ብዬ ነው።»

ልጁ የሚለው ከልቡ ነው። ለእኔም አዝኗል። በዚያች ደቂቃ እሺ ማለት ቀላል ነበር። አንድ ጊዜም እንዲህ ዓይነት ወረቀት ጽፌያለሁ፤ በ1987 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤቱ።

«ወረቀቱን አምጣ» አልኩት።

የሥራ ወረቀቱን አመጣ። «የብልሽቱ ምክንያት» የሚል መስመር አለው።

«ጻፍ። ‹የባለንብረቷ አባት ሣህሌ ደጀኔ የፍሬን ዘይት ነው ብሎ የመሪ ዘይት ስለሞላበት።›»

«ጋሼ፣ ዋስትናው በሙሉ ይሰረዛል እኮ። ለሌላውም ዕቃ።»

«ይሰረዝ። ጻፍ።»

የባጃጅ ሾፌሮቹ አልሳቁም። ማቲ ጻፈ። ጽሕፈቱ ጥሩ አይደለም፤ ግን አንድ ቃል አልቀነሰም። ብዕሩን ተቀብዬ ከሥር ፈረምኩ። መስመሩ የት እንደሆነ ጣቱን አስቀምጦ አሳየኝ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ሥራውን አየሁ። እንድወጣ አልፈለገም፤ እኔም አልወጣሁም። ዕቃውን ከመክፈቱ በፊት እጁን ታጠበ፣ ጠረገ። የዘይት መክደኛውን ከማንሣቱ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ አበሰ። አዲስ የፍሬን ዘይት ከነማሸጊያው አመጣና ጽሑፉን ጮክ ብሎ ለራሱ አነበበ። እኔ ስላለሁ መሰለኝ፤ ኋላ ግን ልማዱ መሆኑን አየሁ። ሲጨርስ ግማሽ የቀረውን ዘይት ወደ ቆሻሻው ዕቃ ደፋው።

«ምን ነካህ! ደኅና ዘይት!»

«አንዴ የተከፈተ የፍሬን ዘይት አላስቀምጥም፣ ጋሼ። ውኃ ይስባል። ደግሞ ጠርሙስ ይለዋወጣል።»

የመጨረሻውን ቃል ካለ በኋላ ቀና ብሎ አየኝና ደነገጠ። «እንደዚያ ለማለት አይደለም…»

«ልክ ነህ» አልኩት።

ሥራውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ፣ ተመልሶ እያንዳንዱን ብሎን በቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። በመጀመሪያ ያጠበቃቸውን። ማንም እያዘዘው አልነበረም። ከፍዬ ወጣሁ።


ግንቦት 27፣ ማክሰኞ

ከሩቅ የመጡ የዓይን ሐኪሞች በሆስፒታሉ የሞራ ቀዶ ሕክምና ለአንድ ሳምንት ይሰጣሉ ተባለ። አልማዝ ስሜን አስመዝግባለች። ሳትነግረኝ። ዛሬ ነገረችኝ።

ቤቱን አልገለበጥኩትም። ለቤቱ ሰላም ስል እሄዳለሁ።


ሰኔ 1፣ ቅዳሜ

ይህን የምትጽፍልኝ የሺሃረግ ናት፤ የቀኝ ዓይኔ ታሽጓል። አጭር አድርጊው ብያታለሁ። አልጮህኩም ብለሽ ጻፊ ብያታለሁ። (አባዬ ጮኋል። የሺ።)


ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

በራሴ እጅ።

ሻሹ ሰማያዊ ነው። ለአልማዝ ነገርኳት።

«ስልህ አልነበር?»

«ብለሽ ነበር።»

ይህን ስላት ምን እንደነካት አላውቅም፤ ወደ ጓዳ ገባች።

የቤቱ ግድግዳ ምን ያህል እንደቆሸሸ አላውቅም ነበር። አሮጊቷም ዝጋለች፤ በጎኗ ሁሉ። እነዚያን ሦስት ሃይላንድ ለማቲ ሰጥቻቸዋለሁ፤ በደንቡ ይደፋቸዋል።

ሦስተኛውን ደብተር አወጣሁ። ከጥር 17 ሥር ባዶ መስመር ነበር። የሚታይ አድርጌ ጻፍኩበት።


ሰኔ 9፣ እሑድ

የየሺሃረግ ጄሶ ተፈቷል። ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ መንዳት ትችያለሽ ብሏታል። ማቲ ሞተሩን ትናንት አምጥቶ ከአሮጊቷ አጠገብ አቆመው።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሦስተኛውን ደብተር ሰጠኋት።

«ያ ያቋረጥሽው ገጽ። አሁን ይነበባል።»

አየችኝ። ገለጠች። ከማንጎው ሥር ቆማ ጮክ ብላ አነበበች፦

«‹ጥር 17፣ ኮንሶ። የጸጋዬን ዘይት ስላላመንኩት ማታ ራሴ አፍስሼ አዲስ ጨመርኩ። መሽቶብኛል። ጠዋት ብሎኖቹን አያለሁ።›» ትንፋሽ ወሰደች። «‹ሰኔ 4፣ 2011። ጠዋት አላየኋቸውም። ብሎኑን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ጸጋዬ ሥራውን በሚገባ ሠርቶ ነበር። የአርቦሬው ሽማግሌ ያየው ሰው ትክክለኛው ሰው ነበር። ሣህሌ ደጀኔ።›»

ደብተሩን ዘግታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

ወደ ሞተሯ ሄደች። ዞረችው። የኋላ ጎማውን በእግሯ ገፋ አደረገች።

«አባዬ፣ ሰንሰለቱ ላልቷል መሰለኝ።»

ሄጄ አየሁ። አልላላም። ልክ ነበር፤ ማቲ ልክ አድርጎታል። የሺሃረግም ታውቃለች። እጇ ጆሮዋ ላይ ነበር።

«ቁልፍ አምጪ» አልኳት። «አሥራ ሰባት ቁጥር። ፍሬኑን አልነካም።»